ማጅራቱ እስኪገተር አይጠብቁ

ማጅራት ገትር ስሙን ያገኘው ከምልክቱ ነው። በሽታው የጸናበት ሰው ማጅራቱ ይገተራል፤ አገጩን ወደ ደረቱ አውርድ ቢሉት አይችልም። ለዐዋቂና ከፍ ላለ ልጅ ስሙ ጥሩ መምህር ነው። ለጨቅላ ግን አይሠራም። ዕድሜው ገና በወራት የሚቆጠር ሕፃን አንጎሉን የሸፈነው ስስ ልባስ መግል ይዞ አንገቱ እንደ ልብ ሊዞር ይችላል። ስሙን የሚያውቅ ወላጅ የልጁን አንገት ዳስሶ «አልደረቀም፤ እንግዲያው እሱ አይደለም» ብሎ ይተኛል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያ ሌሊት በእንቅልፍ እንዳያልፍ ነው።

በባክቴሪያ የሚመጣው ማጅራት ገትር መድኃኒት አለው። መድኃኒቱም ብርቅ አይደለም፤ ነርሶች ለሳንባ ምች፣ ለቁስልና ለሌላም በየቀኑ የሚወጉት መርፌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን በዚህ በሽታ ከተያዙ ስድስት ሰዎች አንዱ ይሞታል፤ ከአምስት አንዱ ደግሞ ከባድ ጉዳት ይዞ ይቀራል። በመጀመሪያው ምልክትና በመጀመሪያው መርፌ መካከል ያለው ሰዓት በዋነኛነት በወላጅ እጅ ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን ልጅዎ ደህና ሳለ ያንብቡት። ሲታመምማ ለማንበብ ጊዜ የለም።

መጀመሪያ፦ በሽታው ከየት እንደሚመጣ ይወቁ

አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ስስ ልባሶች ይሸፍኗቸዋል፤ በልባሶቹ መካከል ንጹሕ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይዘዋወራል። ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከአፍንጫና ከጉሮሮ ተነስቶ ደም ውስጥ ይገባል፤ በደም ተጉዞ እዚያ ፈሳሽ ውስጥ ይደርሳል። አንዳንዴም ካልታከመ የጆሮ መግል ወይም ከተሰበረ የራስ ቅል በአቋራጭ ይገባል። ፈሳሹ ውስጥ የሰውነት መከላከያ ደካማ ስለሆነ በፍጥነት ይራባል። ከዚያ በኋላ አንጎል ያብጣል። የራስ ቅል ግን አጥንት ነውና ለእብጠቱ ቦታ አይለቅም። ራስ ምታቱ፣ ትውከቱ፣ መፍዘዙ፣ መንቀጥቀጡ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

በሽታ አምጪው በልጁ ዕድሜ ይለያያል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከእናት የወሊድ አካባቢ ወይም ካልታጠበ እጅ ነው፤ ኢ ኮላይ፣ ክሌብሲየላና ቢ ስትሬፕቶኮከስ ከሚባሉት አንዱ ሊሆን ይችላል። የእንሽርት ውኃው ፈስሶ ከ18 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ እናቲቱ በምጥ ላይ ሳለች ካተኮሳት፣ ሕፃኑ ያለቀኑ ከተወለደ ወይም እትብቱ ላይ ቅቤና ሌላ ነገር ከተቀባ አደጋው ይጨምራል። እትብት ላይ ጤና ባለሙያ ካዘዘው በቀር ምንም አይቀባም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዋነኞቹ ሦስት ናቸው። ኒሞኮከስ የሳንባ ምች የሚያመጣው ያው ባክቴሪያ ነው፤ ከሦስቱ ይበልጥ የሚገድለውና የሚያደነቁረው እርሱ ነው። በተለምዶ ሂብ የሚባለው ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን፣ ይበልጥም ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን ያጠቃል። ሦስተኛው ሜኒንጎኮከስ ነው፤ በወረርሽኝ መልክ አገር የሚያዳርሰው እርሱ ነው።

የወረርሽኙ አገር ደግሞ የእኛው ነው። ከሴኔጋል ጀምሮ አፍሪካን አቋርጦ ኢትዮጵያ ላይ የሚያበቃ ሰፊ መሬት «የማጅራት ገትር ቀበቶ» ይባላል። በደረቁና አቧራማው ወራት፣ ከታኅሣሥ ገደማ እስከ ሰኔ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ልባስ ይደርቃል፣ ይላላጣል፤ ሰውም ተጠጋግቶ ያድራል። ባክቴሪያው ያን ጊዜ መግቢያ ያገኛል። ዝናቡ ሲጥል ወረርሽኙ ይበርዳል። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 አገራችን ላይ የወረዱት ሁለት ወረርሽኞች በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ይዘዋል። በበጋ «እንትን ሰፈር ሁለት ልጅ በማጅራት ገትር ተኛ» የሚል ወሬ ከሰሙ የልጅዎን ትኩሳት ከሌላው ጊዜ በተለየ ዓይን ይዩት።

ቫይረስም ማጅራት ገትር ያመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላል። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚያመጣው ደግሞ ቀስ ብሎ በሳምንታት የሚገባና የወራት ሕክምና የሚጠይቅ ነው። ቤት ውስጥ ሆኖ የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ስለዚህ አይሞክሩት፤ የእርስዎ ሥራ መለየት ሳይሆን ማድረስ ነው።

ሁለተኛ፦ ምልክቱን በዕድሜው ይፈልጉ

ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ሲታመም የሚናገረው በጡት ነው። ደህና ይጠባ የነበረ ልጅ ጡቱን ከተወ፣ ይዞ ወዲያው ከለቀቀ፣ ለመጥባት ካልነቃ ሌላ ምልክት አይጠብቁ። ትኩሳት ሊኖረው ይችላል፤ በተቃራኒው ደግሞ ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ብዙ ወላጅ «አላተኮሰውም» ብሎ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ በብብት ሲለካ ከ37.5 በላይም ሆነ ከ35.5 በታች የሆነ ሙቀት ጤና ተቋም ያስኬዳል። መዝለፍለፍ፣ ማቃሰት፣ መቅላት የነበረበት ፊት መገርጣት፣ እጅ እግር ማንዘፍዘፍ ወይም ዓይን አንድ ቦታ ተተክሎ መቅረት ሁሉ አንድ ትርጉም አላቸው፤ ተነሱ ማለት ነው።

ከዚያ ከፍ ላለውና ዓመት ተኩል ላልሞላው እርግብግቢቱን ይዩ። ልጁን ቀጥ አድርገው አስቀምጠው፣ ሳያለቅስ፣ አናቱ ላይ ያለውን ለስላሳ ቦታ በጣትዎ ይዳስሱ። በጤናው ጊዜ ወይ ከአጥንቱ እኩል ነው፣ ወይ ትንሽ ገባ ይላል። አብጦ ከወጣና ከተወጠረ ውስጥ ግፊት አለ። ሲያለቅስ ወይም ሲተኛ ትንሽ መውጣቱ ያለ ነገር ስለሆነ ዝም ሲል ደግመው ይዩት። ልጁ በጣም ካስታወከና ካስቀመጠው ደግሞ ውኃ ስላነሰው እርግብግቢቱ ላያብጥ ይችላል። አለማበጡ ዋስትና አይሆንም።

ከእርግብግቢት ይልቅ እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለለቅሶው ነው። እናት የልጇን ለቅሶ ታውቃለች፤ የረሃቡን ከእንቅልፉ፣ የእንቅልፉን ከሆድ ቁርጠቱ ትለያለች። የማጅራት ገትር ለቅሶ ቀጭንና ሰላላ ሆኖ ሲያቅፉት የሚብስ ነው። የታመመ ልጅ ሲታቀፍ ይረጋጋል፤ ይህ ግን አንገቱና ጀርባው ስለሚታመም ከእቅፍ ይሸሻል፣ ዳይፐር ሲቀየርለት እግሩ ሲነሳ ይጮኻል። እናት «ለቅሶው የእሱ አይደለም» ካለች የጤና ባለሙያውም አባቱም ያንን እንደ ምልክት ይቁጠሩት።

መናገር የሚችለው ልጅ ራሴን ይላል፣ ያስታውካል፣ ብርሃን ይጠላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ጉልበቱን እንዲስም ይጠይቁት፤ ካልቻለ፣ ወይም ተቀመጥ ሲባል እጁን ወደ ኋላ ደግፎ ከተቀመጠ ማጅራቱ ተገትሯል። የሚያውቀውን ሰው ስም ሲስት፣ ሲቃዥ፣ ሲደነዝዝ በሽታው ገፍቷል።

አንድ ምልክት ብቻውን ይቁም። ሜኒንጎኮከስ ደም ውስጥ ሲሰራጭ ቆዳ ሥር ደም የቋጠረ ነጠብጣብ ያወጣል። ግልጽ ብርጭቆ ይዘው በጎኑ ሽፍታውን ጫን ያድርጉት፤ በብርጭቆው ውስጥ ሲያዩት ካልጠፋ የደም ነጠብጣብ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ለማየት ስለሚያስቸግር መዳፉን፣ ውስጥ እግሩን፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልብጠው፣ አፉን ከፍተው ላንቃውን ይዩ። ይህን ያየ ሰው ሻይ አይጠጣም፣ ልብስ አይቀይርም። እንዲህ ያለው ልጅ በሰዓታት ውስጥ ከእጅ ሊያመልጥ ይችላል።

ሦስተኛ፦ ሰዓት የሚበሉትን ነገሮች ይወቁ

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ልጆች የሚጠፉት እዚህ ነውና።

ትኩሳትና ራስ ምታት በአንድ ላይ ሲመጡ በብዙ ቤት የመጀመሪያው ቃል «ምች ነው» የሚል ነው። ዳማከሴ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ጭማቂውም ይጠጣል። የአያቶቻችንን እውቀት ለመናቅ አይደለም፤ ለጉንፋን ሲባል የታሸ ዳማከሴ ሰው ላይጎዳ ይችላል። የደነዘዘ ልጅ ግን የመዋጥ ኃይሉ ስለሚደክም አፉ ውስጥ የገባው ማንኛውም ፈሳሽ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል። ከዚያም በላይ «እስከ ነገ ይለቀዋል» የሚለው ተስፋ ሌሊቱን ሙሉ ይበላል።

ጡት እምቢ ያለ፣ የሚያለቅስና የሚያተኩሰው ጨቅላ ደግሞ «ግግ ነው» ወይም «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ ወደ ሰፈር አዋቂ ይወሰዳል። ድዱ ይነቀሳል፣ እንጥሉ ይቆረጣል። ጡት ያስተወው ነገር አንጎሉ ላይ ሳለ አፉ ይቆስላል፤ ደም ይፈሳል፤ ያልተቀቀለ መሣሪያ አዲስ ባክቴሪያ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ባለመጥባቱ ማንም አይደነግጥም፤ «ቁስሉ ነው» ይባላል። ምልክቱ እንዲህ አድርጎ ይሸፈናል። ሴት አያት ግግ ነው ካሉ አይጣሉ፤ «እሺ እማዬ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይና» ብለው ይነሱ።

ልጁ ሲንቀጠቀጥ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ጥርሱን በማንኪያ መፈልቀቅ፣ ውኃ ፊቱ ላይ መድፋት አይጠቅምም። ጎኑን አስተኝተው አፉ ውስጥ ምንም አያስገቡ፤ አረፋውን በጨርቅ ከከንፈሩ ላይ ይጥረጉለት፤ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች በማንኛውም ትኩሳት አንድ ጊዜ ሊንቀጠቀጡ ይችላሉ፤ ወዲያው ነቅተው ይጫወታሉም። ያልነቃ፣ የደገመው ወይም ከዚህ ዕድሜ ውጭ የሆነ ግን በዚህ አይታለፍም። ጠበል ለሚያምን ቤተሰብም የምለው አንድ ነው፤ ጠበሉን ወደ ሆስፒታል ያምጡት፤ ጸሎቱ አልጋው አጠገብም ይደርሳል። ራሱን ለሳተ ልጅ ግን በአፉ ምንም አያጠጡ።

የመጨረሻው ወጥመድ ዘመናዊ ነው፤ ከፋርማሲ የተገዛ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ። በአፍ የሚሰጠው መጠን አንጎል ላይ ያለውን ባክቴሪያ አያጠፋም፤ ያዳክመዋል፣ ትኩሳቱን ይቀንሰዋል። ልጁ ለሁለት ቀን የተሻለው ይመስላል፤ በሽታው ግን ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። በኋላ ሲመረመርም ባክቴሪያው በላቦራቶሪ ስለማይያዝ ሐኪሙ በጨለማ ይመታል። ፓራሲታሞል ለትኩሳቱ መስጠት ይቻላል፤ አንቲባዮቲክ ግን ሳይመረመር አይስጡ። ሰጥተው ከሆነም አይደብቁ፤ ስሙን፣ ስንት ጊዜ እንደሰጡና መቼ እንደጀመሩ ይናገሩ፤ ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ። ማንም ሊቆጣዎት አይገባም፤ ቢቆጣዎት እንኳ ልጅዎ ይጠቀማል።

አራተኛ፦ ያለ ወረፋ የሚያስገቡትን ቃላት ይናገሩ

ቅርብ ያለው ጤና ኬላ ከሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋ ይሂዱ፤ ጤና ጣቢያ ከቀረበ እዚያ። ርቆ ያለ ሆስፒታል ለመድረስ ብለው ቅርቡን አይለፉ፤ የመጀመሪያው መርፌ ከሪፈር በፊት መሰጠት ይችላልና። «ልጁ ሊላክ ነው፤ ከመነሳታችን በፊት የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ይወጋ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። አምቡላንስ ለመጥራት የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። መንገድ ላይ መጥባት የሚችል ከሆነ ያጥቡት፤ የደም ስኳር መውደቅ ለታመመ ጨቅላ ሌላ አደጋ ነው።

በር ላይ «ልጄን አመመው» ብቻ ካሉ ካርድ አውጡና ተሰለፉ ሊባሉ ይችላሉ። ይህን ይበሉ፦ «አይጠባም፣» «የጠጣውን ሁሉ ያስታውካል፣» «ተንቀጥቅጧል፣» «አይነቃም።» እነዚህ አራቱ ባለሙያዎች የአደገኛ ምልክት ዝርዝር ብለው የተማሩት ናቸው፤ ከአራቱ አንዱ ያለበት ልጅ ወረፋ አይጠብቅም። ከዚያ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀንና ሰዓት፣ የክትባት ካርዱን፣ የሰጡትን መድኃኒት ይንገሩ።

ወባ ባለበት ቆላ የሚኖሩ ከሆነ አንድ ነገር ይጨምሩ። ጣት ተወግቶ የወባ ምርመራው ፖዘቲቭ ቢሆንም ማጅራት ገትር የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፤ አንጎል ላይ የወጣ ወባም ምልክቱ ከዚህ በሽታ ጋር ይመሳሰላል። የደነዘዘ ልጅ ለወባ ብቻ ታክሞ ወደ ቤት አይመለስም።

የገንዘብ ነገር ብዙ ሰው ያዘገያል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ያለው ቤተሰብ ካርዱን በየዓመቱ ማሳደሱን አስቀድሞ ይመልከት። ከሌለም ሕክምናው ይጀመር፤ የክፍያው ነገር ቀጥሎ ይታሰባል።

አምስተኛ፦ ከጀርባ የሚወሰደውን ፈሳሽ አይፍሩ

ሐኪሙ ከወገቡ በመርፌ ፈሳሽ እንውሰድ ሲል ብዙ ወላጅ አይሆንም ይላል። «ፈሳሹ የተወሰደበት ልጅ ሽባ ሆነ፣» «ተወስዶበት ሞተ» ሲባል ሰምቷል። ፍርሃቱን አልንቅም፤ የልጅ ጀርባ ላይ መርፌ ማየት ከባድ ነው። ግን እንዴት እንደሚሠራ ይስሙ።

ህብለ ሰረሰር እስከ ጀርባ ታች አይወርድም፤ በልጆች ወገብ ላይ ባሉት የመጀመሪያዎቹ አከርካሪዎች አካባቢ ያበቃል። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው፤ እዚያ ያሉት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ በመሆናቸው ከመርፌው ይሸሻሉ። የሚወሰደው አንድ ሁለት ሚሊሊትር፣ ማለትም ጥቂት ጠብታ ነው፤ ሰውነት ወዲያው ይተካዋል። ተወስዶባቸው ከዚያ የሞቱ ልጆች መኖራቸው እውነት ነው፤ ብዙዎቹን ምርመራው ሳይሆን ዘግይቶ መድረስ ነው የገደላቸው። ወሬው ግን መርፌውን ብቻ ያስታውሳል።

ጤነኛ ፈሳሽ ጥርት ያለ ነው። የደፈረሰ ከወጣ ሐኪሙ ውጤት ሳይጠብቅ ያውቃል። ላቦራቶሪው ነጭ የደም ሴሎችን ይቆጥራል፤ ስኳሩን ይለካል፣ ባክቴሪያ ባለበት ስኳሩ ይወድቃል፤ ፕሮቲኑ ይጨምራል። ባክቴሪያው ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ይችላል፤ ማሳደጉ ግን ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ይህ ሁሉ መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደሚሰጥና የትኛው እንደሚሠራ ይወስናል። እምቢ ያሉ ወላጅ ሐኪሙን በግምት እንዲያክም ያስገድዱታል።

ሐኪሙ ራሱ «ዛሬ አንወስድም» የሚልበት ጊዜ አለ፤ ልጁ ራሱን ስቶ የአንጎል ግፊት በጣም የበረታ ከመሰለው፣ መተንፈስ ካቃተው፣ ደም የማይረጋለት ከሆነ ወይም ወገቡ ላይ ያለው ቆዳ ከቆሰለ። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ይቀድማል፤ ምርመራው በኋላ ይመጣል። በማንኛውም ሁኔታ የመድኃኒቱ መርፌ ምርመራ ሲጠበቅ መዘግየት የለበትም።

ስድስተኛ፦ ሕክምናውን ይከታተሉ

ከአንድ ወር በላይ ላለ ልጅ የመጀመሪያው ምርጫ በደም ሥር የሚሰጥ ሴፍትሪአክሶን ነው። መጠኑ ለሌላ በሽታ ከሚሰጠው ከፍ ያለ ነው፤ በቀን ለአንድ ኪሎ እስከ 100 ሚሊግራም። አሥር ኪሎ የሚመዝን ልጅ በቀን አንድ ግራም ድረስ ያገኛል ማለት ነው። ይህን የምነግርዎ ልክ እንዲያዝዙ ሳይሆን ልጅዎ መመዘኑን እንዲያረጋግጡ ነው፤ ኪሎው በግምት የተጻፈ ልጅ መጠኑም ግምት ይሆናል። ለጨቅሎች አምፒሲሊን ከጄንታማይሲን ወይም ከሴፎታክሲም ጋር ይመረጣል። ሴፍትሪአክሶን ቢጫ ለሆኑ ጨቅሎች አይስማማም፤ ካልሲየም ካለበት ፈሳሽ ጋርም አይሰጥም።

ዴክሳሜታሶን የሚባል መርፌ አብሮ ሊታዘዝ ይችላል። እብጠቱን ያበርዳል፤ በተለይ በሂብ ለተያዘ ልጅ ጆሮውን ከመደንቆር ሊያድን ይችላል። የሚጠቅመው ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ጥቂት ቀድሞ ወይም አብሮ ከተሰጠ ነው። ለጨቅሎች አይታዘዝም። ከዚህ ሌላ እንደ ሁኔታው ኦክስጅን፣ የስኳር ልኬት፣ ግሉኮስና መንቀጥቀጥ ማስቆሚያ ይኖራል።

ቀኑን ይቁጠሩ። ሜኒንጎኮከስ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን፣ ሂብ ከሰባት እስከ አሥር፣ ኒሞኮከስ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ይወስዳል። የጨቅሎቹ ሁለት ሳምንት ሲሆን እስከ ሦስት ሳምንትም ይደርሳል። ፈተናው የሚመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ትኩሳቱ ወርዷል፣ ልጁ ፈገግ ብሏል፤ ቤት ሌሎች ልጆች አሉ፣ ገንዘብ እያለቀ ነው፤ የአልጋው ጎረቤትም «ይኸው ዳነልህ» ይላል። ያን ጊዜ ተነስተው አይውጡ። የቀረው ባክቴሪያ ሲነሳ በሽታው ካቆመበት ሳይሆን ከባሰበት ይጀምራል። ቤተሰብ ተራ ገብቶ ያስታምም፤ ዕቁብም ዕድርም ዘመድም ለዚህ ቀን ነው።

አልጋው አጠገብ የሚያድረው አስታማሚ የሐኪሙ ዓይን ነው። የሚከተሉትን ካዩ ነርሷን ይጥሩ፦ የዓይን ቆብ ወይም የከንፈር ጥግ ብቻውን መርገብገብ፣ ወርዶ የነበረ ትኩሳት መመለስ፣ መድኃኒቱ የሚገባበት እጅ ማበጥ፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላም የማይቀንስ ትኩሳት። መዋጥ ካልቻለ በአፍንጫው ቱቦ ይመገባል፤ የታለበ የእናት ጡት ወተት በዚያ ይገባል፤ እናት ጡቷ እንዳይደርቅ ትለብ። የጭንቅላቱን ዙሪያ በየቀኑ እንዲለኩትም ይጠይቁ፤ ማደግ ከጀመረ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ነው።

ሰባተኛ፦ የቀሩትን የቤቱን ሰዎች ይጠብቁ

ሜኒንጎኮከስ በሳል፣ በምራቅ፣ ተጠግቶ በማደር ይተላለፋል። ከተያዙ በኋላ ምልክቱ ለመታየት ከሁለት እስከ አሥር ቀን ይወስዳል። አብሮ የሚተኛ፣ ከአንድ ጽዋ የሚጠጣ፣ የሚሳሳም ሰው መከላከያ መድኃኒት ያስፈልገዋል፤ ሐኪሙ የሁለት ቀን ሪፋምፒሲን፣ አንድ ፍሬ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም አንድ ሴፍትሪአክሶን መርፌ ያዝዛል። ሪፋምፒሲን ሽንትንና እንባን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ አይደንግጡ። ለሂብ መከላከያው የሚሰጠው ቤቱ ውስጥ ክትባቱን ያልጨረሰ ትንሽ ልጅ ካለ ነው፤ ለኒሞኮከስ አያስፈልግም። የታመመው ልጅ መርፌ ከጀመረ ከአንድ ቀን በኋላ ለሌላው አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ጎረቤት አይሽሸው።

ክትባቱን ከዚህ ጋር ይያዙ። አምስት በአንድ የሚባለው ክትባት ሂብን ይዟል፤ በአገራችን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። የኒሞኮከስ ክትባት በ2011 ተከተለ። ሁለቱም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በነጻ ይሰጣሉ። ሦስተኛውን የዘለለ ልጅ ጥበቃው ጎዶሎ ነው፤ «ሁለቱን ወስዷል» ብለው አይተዉት። ኤ በሚባለው የሜኒንጎኮከስ ዓይነት ላይ ደግሞ ለዚሁ ቀበቶ ተብሎ የተሠራ፣ አንዱ መጠን ከግማሽ ዶላር በታች የሆነ ክትባት በ2010 ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ተጀመረ፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ከ2013 ጀምሮ ከ1 እስከ 29 ዓመት ያሉት በዘመቻ ተከተቡ። ዛሬ የኤ ዓይነት ከቀበቶው ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሲ፣ ደብልዩና ኤክስ የሚባሉት ግን አሉ። ለሐጅና ለዑምራ የሚሄድ ዘመድ የሳውዲ መንግሥት የሚጠይቀውን የማጅራት ገትር ክትባት ቢያንስ ከጉዞው አሥር ቀን ቀድሞ ይውሰድ።

ስምንተኛ፦ ከሆስፒታል ሲወጡ ጆሮውን ይዘው ይውጡ

የዳነ ልጅ በእግሩ ሄዶ፣ በልቶ፣ ስቆ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ሰው ሁሉ እልል ይላል። ከወራት በኋላ «ይህ ልጅ ደረቅ ሆነ፣ ሲጠሩት አይመጣም» ይባላል። መናገር የጀመረው ቃላት ይረሳል፤ ያልጀመረው አፉን ሳይፈታ ይቀራል። ይቀጣል፤ በትምህርት ቤትም ሰነፍ ይባላል። ልጁ አይሰማም። ይህ በሽታ ከሚተዋቸው ጉዳቶች ሁሉ የጆሮው በጣም የተለመደው ነው፤ በዓይን አይታይም፤ ልጁም አይናገርም።

ቤት ውስጥ እንዲህ ይሞክሩት። ሌላ ሰው ከፊቱ ሆኖ በዝምታ በአሻንጉሊት ያጫውተው። እርስዎ ከጀርባው፣ ጥላዎ በማይታይበት፣ እግርዎ ወለሉን በማያንቀጠቅጥበት ቦታ ሆነው ቁልፍ ያንኳኩ፤ ቀጥሎ በሹክሹክታ ስሙን ይጥሩ። ስድስት ወር የሞላው ልጅ ወደ ድምፁ መዞር ይገባዋል። ከግራም ከቀኝም ይሞክሩ፤ አንድ ጆሮ ብቻ ሊጠፋ ይችላልና። ቢዞርም ግን የእርስዎ ሙከራ የመሣሪያውን ምርመራ አይተካም። ምርመራው ከሆስፒታል በወጣ በአራት ሳምንት ውስጥ መሆን ያለበት ምክንያት አለ፤ ከበሽታው በኋላ የውስጥ ጆሮ ቀስ በቀስ ወደ አጥንት ሊለወጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ በቀዶ ሕክምና መግጠም እጅግ ይከብዳል። የአንገቱ አቀማመጥ፣ የመራመዱ ነገር፣ የመንቀጥቀጡ መደጋገም፣ የጭንቅላቱ ማደግም በዚያው ቀጠሮ ይታያል።

የመውጫ ወረቀቱ ሲጻፍ አጠገቡ ይቁሙ። «የመስማት ምርመራ» የሚለው ቃልና ቀኑ መጻፉን ይዩ፤ ካልተጻፈ ሳይጻፍ አይውጡ።